ሁለት ጸሐፊ፣ አንድ ስክሪን

እውነት ተናግሮ የመሸበት ማደር ነው፤ እኔ በሥራዬ ኩራተኛ ነኝ። ሥራዬ ሰው ሲናገር እየሰሙ የተናገረውን እዚያው በዚያው መጻፍ ነው። ስብሰባ ይሁን፣ ክርክር ይሁን፣ ሥልጠና ይሁን፣ አዳራሹ ጥግ ላይ እቀመጥና ጣቴን አዘንበዋለሁ፤ ተናጋሪው አፉን ሳይገጥም ቃሉ ትልቁ ስክሪን ላይ ይነበባል። መስማት የማይችለው ሰው እሱን እያነበበ ከሌላው እኩል ይስቃል፣ ከሌላው እኩል ይናደዳል። ቢሮአችን ውስጥ ስድስት ነን። ፈጣኗ ማን ናት ብላችሁ ብትጠይቁ አምስቱ ወደ እኔ ይጠቁማሉ። ስድስተኛዋ እኔ ነኝ፤ እኔም ብሆን ለመጠቆም አላፍርም።

ቢሮአችን አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበረው፤ ወንበር አይለቀቅም። ንግግር ከተጀመረ በኋላ ለመንጠራራት እንኳ የተነሳች ጸሐፊ “ወንበሩ ተፋት” ትባልና ሳምንቱን ሙሉ መሳቂያ ትሆናለች። ሦስት ሰዓት ቁጭ ብላ የጻፈች ደግሞ ምሳ ላይ ቦታ ይለቀቅላታል። የዚህ ክብረ ወሰን ባለቤት ማን ናት? እኔ ነኛ። አራት ሰዓት ከሩብ፣ ውኃ ሳልቀምስ። ውኃ መጠጣት ማለት መነሳት ማለት ስለሆነ አንጠጣም ነበር። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ለሰው ሁሉ እንደ ጀብዱ ነበር የማወራው።

ከእኛ የሚለዩት እትዬ ደቂቃ ብቻ ነበሩ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሴት ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጣሁላቸው እኔው ነኝ፤ ምላሴ አያርፍም። ስልካቸው በየሃያ ደቂቃው ትንቀጠቀጣለች። ያኔ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር ይጨርሱና እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ ያነሳሉ፤ ጣታቸውን ዘርጋ አጠፍ ያደርጋሉ፤ ትከሻቸውን ያሽከረክራሉ፤ በመስኮት አሻግረው ራቅ ያሉትን ጣሪያዎች ያያሉ። አዳራሽ ሲላኩ ደግሞ የሚፈራረቃቸው ሁለተኛ ጸሐፊ ካልተመደበ ንቅንቅ አይሉም። ጠዋት ገብተው ወንበራቸውን ከፍ ዝቅ፣ ስክሪናቸውን ቀረብ ራቅ ሲያደርጉ “አውሮፕላኑ ሊነሳ ነው፣ ቀበቶ እሰሩ” እላለሁ፤ ቢሮው በሳቅ ያውካካል። እሳቸው አንድም ቀን መልስ ሰጥተውኝ አያውቁም።

አሁን ወደ ወንድሜ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ ስለ እሱ ነውና። ታናሼ ነው፣ በአምስት ዓመት እበልጠዋለሁ። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ታሞ ሲነሳ ጆሮው አልሰማ አለ። አንደበቱ ደህና ነው፣ በአፉ ይናገራል፤ የሰው ድምፅ ግን አይደርሰውም። ያኔ እኔና እሱ ጎን ለጎን ተቀምጠን የምልክት ቋንቋ ተማርን። ቤታችን ውስጥ ወሬ የሚወራው በእጅ ነው፤ ሐሜቱም፣ ቀልዱም፣ ጠቡም። እናታችን “እናንተ ልጆች ስትጣሉ ነፋስ ይነሳል” ትለን ነበር።

ይኸው ልጅ አርክቴክቸር ተምሮ የመጨረሻውን ዓመት ጨረሰ። የቀረው የመመረቂያ ሥራውን ሦስት ፈታኞች ፊት ማቅረብና መከራከር ነው፤ ተማሪዎቹ ዲፌንስ ይሉታል። ሥራው መስማት ለማይችሉ ልጆች የታሰበ ትምህርት ቤት ነው። በእጃቸው እያወሩ የሚሄዱ ሁለት ልጆች ዓይናቸው ያለው እርስ በርሳቸው ላይ ስለሆነ፣ እንዳይወጋቸው የመተላለፊያው ጥግ ሁሉ ሹል ሳይሆን ክብ ያለ ነው። ሞዴሉን በካርቶን ሠርቶ ሳሎናችን ውስጥ ሲያስቀምጠው ዙሪያውን ዞሬ ዞሬ ልቤ ወልቃ ልትሄድ ነበር። ዲፌንሱ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። የፈታኞቹን ጥያቄ ስክሪን ላይ የሚጽፍለት ሰው ያስፈልገዋል። ትምህርት ክፍሉ ማንን እንጥራልህ ሲለው “እህቴን” አለ። እኔ ያን ቀን መሬት አልረገጥኩም።

ችግሩ እጄ ነበር። መጀመሪያ ትንሿ ጣቴ ደነዘዘች፤ ተኝቼበት ነው አልኩ። ቀጥሎ የእጄ አንጓ ማቃጠል ጀመረ፤ ብርድ ነው አልኩ። ከዚያ ሕመሙ በክንዴ ሽቅብ ወጥቶ ክርኔ ላይ ሰፈረ። የጠርሙስ ክዳን መክፈት አቃተኝ፣ ቁልፍ በር ውስጥ ማዞር አቃተኝ። እኔ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ጠዋት አንድ ማስታገሻ፣ ከሰዓት አንድ ማስታገሻ እየዋጥኩ ጥርሴን ነክሼ እጽፋለሁ። ለቢሮ ሰው እንዳልናገር፣ ያቺ የምስቅባት “ወንበሩ የተፋት” እኔ ልሆን ነው። ለቤት እንዳልናገር፣ ወንድሜ ሌላ ጸሐፊ ይፈልጋል። ሁለት ወር እንዲህ ደብቄ ቆየሁ።

የደበቅኩ መስሎኝ ነዋ። ዲፌንሱ አሥራ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ምሳ እየበላን፣ ወንድሜ ሹካውን አስቀመጠና በአፉ ተናገረ። በአፉ ሲናገር ነገሩ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።

“ምን አድርጌሽ ነው ያኮረፍሽኝ?”

እኔ? ምን ሆነህ ነው አልኩት በእጄ፤ ያውም በአንድ እጄ፣ አጠር አድርጌ።

“ይኸው” አለ። “ድሮ የሰፈሩን ወሬ ስትነግሪኝ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርጭቆ ሁሉ ነበር የምትጥይው። አሁን እሺ፣ አይ፣ ደህና ነኝ፤ በቃ። ሁለት ወር ሙሉ አላወራሽኝም።”

ሆድ ባሰኝ። እኔ ኪቦርዱ ላይ ያለውን እጄን ስጠብቅ፣ ሳላውቀው ከወንድሜ ጋር የማወራበትን እጅ እየቆጠብኩ ነበር ለካ። እንባዬ ቀደመኝ። እጅጌዬን ሰብስቤ ያበጠውን አንጓዬን አሳየሁት። ሲያየው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ለእናታችን ሊናገር ተነሳ፣ በመጨረሻ ቁጭ ብሎ ነገ ሐኪም ጋ ካልሄድሽ ለዲፌንሱም አልፈልግሽም አለኝ። ቁጣው እኔን ይመስላል፤ ቤተሰብ ነን።

በማግስቱ ያየችኝ ፊዚዮቴራፒስት፣ የጅማትና የመገጣጠሚያ ሐኪሟ፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ቆፍጣና ሴት ናት። ክንዴን አዟዙራ፣ አንጓዬን ተጭና፣ ጣቴን አንድ በአንድ ካየች በኋላ ጠረጴዛ አቅርባ እስቲ እንደምትጽፊ ሆነሽ ተቀመጪ አለችኝ። ተቀመጥኩላት፤ ጎንበስ ብዬ፣ ትከሻዬን ወደ ጆሮዬ ሰቅዬ፣ አንጓዬን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተጭኜ። ሴትዮዋ ራሷን ያዘች። ጅማቶቹ የሚያልፉት በጠባብ መንገድ ነው፣ አንቺ ደግሞ መንገዱ ላይ ተኝተሽበት በቀን ሠላሳና አርባ ሺህ ጊዜ ታመላልሻቸዋለሽ አለችኝ። እጅ የሚያርፈው ሲያመው ሳይሆን ሳያመው ነው አለች። ሕመሙን ያፈነው ማስታገሻም ጉዳቱን እያስረሳ ያስቀጥለኝ እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ጽሕፈት ቀንሺ፣ ከዚያም በኋላ ከሃያ ደቂቃ በላይ ያለ ዕረፍት አትጻፊ ስትል፣ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ የሦስት ሰዓት ሥራ እንዳለብኝና ብቻዬን እንደምወጣው ነገርኳት። የማን ሥራ እንደሆነም ነገርኳት።

“ሦስቱን ሰዓት ትጨርሺው ይሆናል” አለች። “ከዚያ በኋላ ግን ከወንድምሽ ጋር በምን ልታወሪ ነው?”

ወይ ጉድ። ከሐኪም ቤቱ ወጥቼ መንገዱን እንዴት እንዳቋረጥኩት አላውቅም። ቢሮ ስገባ ቀጥ ብዬ የሄድኩት እትዬ ደቂቃ ጋ ነው። እንዴት እንዳፈርኩ አትጠይቁኝ። አምስት ዓመት የቀለድኩባቸውን ሴት፣ አብረውኝ ይጻፉልኝ ብዬ ልለምን ነው። እሳቸው ስልካቸው ተንቀጥቅጣ ቆመው በመስኮት እያዩ ነበር። የሆነውን ሁሉ ሳልቀንስ ነገርኳቸው፤ ጎረቤት ጠረጴዛ ያለችው እንኳ መጻፍ አቁማ ሰማች።

እትዬ ደቂቃ ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው የአንጓቸውን ውስጥ አሳዩኝ። አንዲት ቀጭን የስፌት ጠባሳ አለች። በእኔ ዕድሜ ሳሉ ዓመት ሙሉ በዚያ እጅ ማበጠሪያ መያዝ አቅቷቸው ነበር አሉ፤ ጸጉራቸውን የምታበጥርላቸው ልጃቸው ነበረች።

“ወንበር አይለቀቅም የሚለውን ሕግ ማን ያወጣው ይመስልሻል?” አሉኝ። “እኔ ነኝ። አምስት ሰዓት ጽፌ፣ ተጨብጭቦልኝ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው ልጄ፤ እኔ ተመለስኩበት፣ አንቺ አትመለሺበት።”

አፌን በእጄ ያዝኩ። ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡ፤ ክብረ ወሰኑም ለካ የእኔ አልነበረም። ያን ያህል ስቄባቸው እኮ መልስ ያልሰጡኝ መልስ አጥተው አልነበረም። ለምን አልነገሩንም ስላቸው፣ ጉራ ላይ ያለ ሰው ምክር እንደማይሰማ ከራሴ አውቀዋለሁ አሉኝ፤ ለዲፌንሱም አብሬሽ እጽፋለሁ አሉ።

ያን አሥራ ሁለት ቀን በሕይወቴ አልረሳውም፤ ሰው በዚህ ዕድሜው መቀመጥ ይማራል? እኔ ተማርኩ። ሌሎቹ ሥራዬን ተካፍለውልኝ በቀን የምጽፈው ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ሆነ፤ የቀረው ልምምድ ነው። እትዬ ደቂቃ ወንበሬን ከፍ አድርገው ክርኔን ከጠረጴዛው ልክ አደረጉት። እግሬ ሲንጠለጠል የወረቀት ካርቶን ከሥሩ ገባ። ኪቦርዱን ወደ እኔ ሳቡት፤ አንጓዬ ጠርዙን ሳይነካ ቀጥ ብሎ ከላይ እንዲንሳፈፍ። ስረሳና ሳስደግፈው በእስክሪብቶ ጫፍ ጎሸም ያደርጉኛል። የቁልፍ ምቴ ከባድ ነው ብለው ወቀሱኝ፤ ለካስ ከቁልፎቹ ጋር ጠብ ነበረብኝ። ከሁሉ ያስደሰተኝ ደግሞ ማሳጠሪያው ነው። ፈታኞቹ ስለ ወንድሜ ሥራ ሲጠይቁ የሚደጋግሟቸውን ረጃጅም ቃላት መዝግበን፣ ሁለት ፊደል ስነካ ኮምፒውተሩ ሙሉውን እንዲጽፍ አደረግን። “መተላለፊያ” በሁለት ምት፣ “የተፈጥሮ ብርሃን” በሁለት ምት። ይህን ሁሉ ዓመት እንደ አህያ ስሸከም የኖርኩትን ሸክም ለማሽን መስጠት ይቻል ነበር። እልል ማለት ነው የቀረኝ። በስድስተኛው ቀን ጣቴ መደንዘዙ ቀነሰ፤ ለወንድሜ የእትዬ ደቂቃን ታሪክ በሁለት እጄ ነገርኩት፣ ቀስ ብዬ።

የቅብብሎሹ ነገር ግን ከበደኝ። ሁለት ኪቦርድ ከአንድ ስክሪን ጋር ይያያዛል። አንዷ ስትጽፍ ሌላዋ እጇን ጭኗ ላይ ታሳርፋለች። አሥራ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ተረኛዋ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ታደርጋለች፤ የምትጽፈው ዓረፍተ ነገሩን ትጨርስና ታቆማለች፣ ሌላዋ ከሚቀጥለው ትይዛለች። ሁለቱም አንድ ጊዜ ከጻፉ ፊደሉ ይደባለቃል፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የማንም ቋንቋ አይደለም። በልምምድ እኔ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ቃል እጨምራለሁ። እትዬ ደቂቃ “ልቀቂ” ይሉኛል፤ ለቅቄአለሁ እላለሁ፤ አልለቀቅኩም።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል። እናታችን ፊት ለፊት ተቀምጣለች፣ የቢሮአችን ሰዎች እንኳ ፈቃድ ጠይቀው መጥተዋል። ወንድሜ ካርቶን ሞዴሉ አጠገብ ቆሞ በአፉ ማስረዳት ጀመረ፤ ድምፁ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ተስተካከለ። ጥያቄ ሲጀመር ጣቶቼ በደስታ በረሩ። ሰብሳቢው ይጠይቃል፣ እጽፋለሁ፣ ወንድሜ አንብቦ ይመልሳል። መዳፍ ጠረጴዛው ላይ፤ እትዬ ደቂቃ ይይዛሉ። መዳፍ ጠረጴዛው ላይ፤ እኔ እይዛለሁ። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ፣ እጄ እንደ ጠዋቱ ቀላል ነው። ይህን ቅብብሎሽ የፈጠረ ሰው ይባረክ አልኩ በሆዴ።

ሦስተኛው ፈታኝ እስከዚያ ድረስ አልተነፈሰም ነበር። ተማሪዎቹ “መጋዝ” ይሉታል፤ የስንቱን ሥራ ለሁለት ቆርጦ መልሷል። ድንገት ወደ ማይክራፎኑ ተጠጋ። ክቡ ጥግ ቦታ ያባክናል፣ ግንበኛ ያማርራል፣ የሚታይ ጥቅም የለውም፤ ይህን ካላስረዳኸኝ ሥራህን አላሳልፍም ብሎ ጀመረ። በዚያች ቅጽበት የእትዬ ደቂቃ መዳፍ ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

አለቅም። በዚህ ጥያቄ ላይ ወንድሜን ለሰው አልሰጥም አልኩ። ዓረፍተ ነገሩን ጨረስኩ፣ ቀጠልኩ። እትዬ ደቂቃም በደንቡ መሠረት ያዙ። ስክሪኑ ላይ ፊደል በፊደል ላይ ወጣ፤ የእኔ ግማሽ ቃል፣ የእሳቸው ግማሽ ቃል፣ ነጥብ፣ ቁጥር። ወንድሜ ማንበብ አቆመ። አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ ማጉረምረም ጀመረ፤ መጋዝ ግን ወደ ወረቀቱ አቀርቅሮ ንግግሩን ቀጥሏል፤ ከዚያ አዳራሽ ውስጥ ጥያቄው ያልደረሰው ሰው ቢኖር መላሹ ብቻ ነው። እኔም ገና እየጻፍኩ ነው፤ ያውም እየቀጠቀጥኩ፣ አንጓዬ እንደገና ጠርዙ ላይ ተጭኖ።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። በአፉ አልተናገረም።

“እጅሽን አንሺ” አለኝ በምልክት።

አነሳሁ። እጆቼን ጭኔ ላይ አሳረፍኳቸው። እትዬ ደቂቃ ስክሪኑን አጸዱና ረጋ ባለ ድምፅ ፈታኙ ጥያቄውን እንዲደግሙ ጠየቁ። መጋዝ ደገመ። ቃል በቃል፣ ጥርት ብሎ ወጣ። ከእኔ አልዘገየም፤ ይህንንም እመሰክራለሁ።

እኔ ሥራ ፈት ሆኜ ቀና አልኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ስጽፍ ተናጋሪውን አንድም ቀን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም፤ ዓይኔ ፊደል ላይ ነበራ። ያን ቀን ወንድሜን አየሁት። ጥያቄውን አነበበ፣ ፈገግ አለ፣ ሄዶ መጋዝን እባክዎ አብረውኝ ይራመዱ አለው። ዓይንዎን ከእኔ ፊት አያንሱ፤ እርስዎ ያወራሉ፣ እኔ ከንፈርዎን አያለሁ አለው። ሰውየው እየተነጫነጨ ተነሳ። ጎን ለጎን፣ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ በፈታኞቹ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ሄዱ። ሦስት እርምጃ፣ አራት እርምጃ፤ መጋዝ ስለ ግንበኞች እያስረዳ ሳለ የጠረጴዛው ጥግ ዳሌውን አገኘው። “እህ” ብሎ ታጠፈ። እትዬ ደቂቃ እሷንም ጻፏት፤ “እህ” የምትለው ቃል በትልቁ ስክሪን ላይ ስትወጣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መጋዝ ዳሌውን እያሸ ስክሪኑን አየ፣ ሞዴሉን አየ፣ እሱም ሳቀ። ገብቶኛል፣ ተቀመጥ አለው።

ፈታኞቹ ሊመካከሩ ወጡ። እናታችን መቀመጥ አቅቷት ቆመች። ሃያ ደቂቃ ቆይተው ሲመለሱ የመጻፍ ተራው የእኔ ነበር፤ ሰዓቱ እኔን ነው የሚለው። ኪቦርዱን አየሁት፣ እትዬ ደቂቃን አየኋቸው፣ ይያዙልኝ አልኩ። ኪቦርዳቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠርጎ ከወረቀት ማንበብ ጀመረ። የፈታኞች ቡድኑ የቀረበውን ሥራ ከመረመረ በኋላ፣ የተሰጡትን ማብራሪያዎች ካደመጠ በኋላ፣ ደንቡ በሚያዘው መሠረት፤ ነገሩ ማሰሪያ አጣ። እትዬ ደቂቃ አንድም ቃል ሳያስቀሩ ይከተሉታል። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስክሪኑን ያያል፤ ወንድሜ ግን እኔን ነበር የሚያየው። “በከፍተኛ ማዕረግ” የሚለው ቃል ጆሮዬ ሲገባ እጆቼ ብድግ አሉ። አልፈሃል፣ በከፍተኛ ማዕረግ፣ የእኔ ጀግና አልኩት፤ በሁለት እጄ፣ ምንም ሳያመኝ። ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ እሱ ወንበሮቹን ዘሎ እኔ ጋ ደርሶ ነበር።